የከብት ምላስ ሲቆስል

በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ከብት የሚያረባ ገበሬ ሁሉ ለሃጩን እያዝረከረከ ከመንጋው ኋላ የሚቀር በሬ አይቶ ያውቃል። ብዙው ሰው ይህን ሲያይ «አፍተግር ነው» ይልና ጨው ፍለጋ ይሄዳል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ነገር ግን አፍ የሚያቆስለው በሽታ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከእነዚህም አንዳንዱ ቶሎ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል፤ አንዳንዱም አፍ የሚከፍተውን ሰው ራሱን ይገድላል። ስለዚህ ከጨው በፊት ምርመራ ይቀድማል።

እጃችሁን ወደ ከብቱ አፍ ከመስደዳችሁ በፊት ቆም ብላችሁ ጠባዩን ተመልከቱ። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው በሬም ለሃጭ ያዝረበርባል፤ መዋጥ ስለሚያቅተው አጥንት ወይም ድንች ያነቀው ይመስላል። ድምፁ ከጎረነነ፣ ያለ ምክንያት የሚጮህ ከሆነ፣ ሰውንና ግንድን የሚወጋ ከሆነ ወይም የኋላ እግሩ የሚልፈሰፈስ ከሆነ አፉን አትክፈቱ። ለይታችሁ እሰሩትና የከብት ሐኪም ጥሩ። ለሃጩ የነካው ሰው ቢኖር፣ ይልቁንም እጁ ላይ ጭረት ካለ፣ በሳሙናና በብዙ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ነገ ማለት አይገባም፤ ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለምና።

ከብቱ እንዲህ ያለ ጠባይ ካላሳየ አንዱ ሰው ቀንዱንና አፍንጫውን ይያዝ፤ ሌላው ምላሱን በጎን በኩል ወደ ውጭ ይሳብ። ምርመራው በቀን ብርሃን ይሁን። ምላሱን ከጫፍ እስከ ሥር፣ የላይኛውን ድድና የከንፈሩን ውስጥ እዩ። ከዚያም አፉን ትታችሁ ወደ እግሩ ውረዱ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። አፍተግር ስሙ እንደሚናገረው አፍም እግርም ይይዛል። ውሃ የቋጠረ ነገር በምላስና በድድ ላይ፣ በሰኮናው መካከልና በላሟ ጡት ጫፍ ላይ ይወጣል። ከብቱ ትኩሳት ይኖረዋል፤ ያነክሳል፤ ሳይበላ ከንፈሩን ይመጣል። ከበሽተኛ ጋር ከዋለ ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ምልክቱ ይታያል፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ ብዙው መንጋ ይያዛል። ትልልቁ ከብት ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ ጥጃ ግን አፉ ሳይቆስል እንኳ ልቡ ተመትቶ ድንገት ወድቆ ሊሞት ይችላል።

የቁስሉን ዕድሜ ማወቅ ለልማት ሠራተኛው ትልቅ ጥቅም አለው። በመጀመሪያው ቀን የቋጠረው ውሃ ገና አልፈረጠም፤ በሁለተኛው ቀን ፈርጦ ቆዳው እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ሥጋው ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የቁስሉ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ሳምንት ሲሆነው እየጠገገ ጠባሳ ይይዛል። ስለዚህ አምስት ስድስት ከብቶች ብትመረምሩ ከሁሉ በፊት የታመመውን ታውቃላችሁ፤ እርሱም ከየት እንደመጣ፣ ከወረታ ገበያ ይሁን ከሌላ ሰው በረት፣ ባለቤቱን ትጠይቃላችሁ። ለላቦራቶሪ የሚላከው ናሙናም ከአዲሱ ቁስል ይወሰዳል እንጂ ከጠገገው አይደለም።

አሁን አፍተግር ወዳልሆነው እንምጣ። አንድ ከብት ብቻውን ታሞ፣ እግሩ ደኅና ሆኖ፣ ምላሱ አብጦ እንደ እንጨት ቢጠጥርና ከአፉ ውጭ ቢንጠለጠል፣ ይህ በሻካራ መኖ በተጫረ ምላስ ውስጥ የሚገባ ተሐዋሲ የሚያመጣው በሽታ ነው። ሐኪም አዮዲን ያለበትን መድኃኒት ቶሎ ከሰጠው ይድናል፤ አፍተግር ነው ተብሎ ዝም ከተባለ ግን በሬው በረኃብ ይሞታል። ምላሱ በአንድ ቦታ ብቻ ተቆርጦ ከሆነ ሽቦ፣ እሾህ ወይም የገለባ ስንጥር ፈልጉ። በመላ ቆዳው ላይ ጠንካራ እባጭ ከወጣ ደግሞ የቆዳ እባጭ በሽታ ነው፤ እርሱም በአፍ ውስጥ ይወጣል። በቅሎ፣ ፈረስና አህያ በአፍተግር አይያዙም፤ የበቅሎ አፍ ቢቆስል መጀመሪያ ልጓሙን እዩ።

በግና ፍየል በአፍተግር ይያዛሉ፤ ምልክቱ ግን ቀላል ስለሆነ ሳይታወቅ ያልፋል። ፍየሎች አፋቸው ቆስሎ ከገማ፣ ዓይንና አፍንጫቸው ካዠ፣ ካስቀመጣቸውና ከሞቱ ደስታ መሰል የተባለው የበግና የፍየል በሽታ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የግልገል ከንፈር ላይ የሚወጣው ቅርፊት ያለው ቁስል ሌላ ነው፤ በሰው እጅ ላይም ይወጣልና በባዶ እጅ አይነካ።

ደስታ የሚለው ስም ለምን እንደተረፈ አረጋውያን ያውቃሉ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ የአገሩን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ አስከተለ። ያ በሽታ በክትባት ተሸንፎ ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም.፣ ዓለምም በሞላው በ2003 ዓ.ም. ከእርሱ ነፃ መሆናቸው ታወጀ። ስለዚህ አፋቸው ቆስሎ፣ ተቅማጥ ይዟቸው ትልልቅ ከብቶች በብዛት ቢሞቱ ነገሩ የተለመደ አይደለምና በዚያው ቀን ለወረዳው አስታውቁ።

አፍተግር መሆኑ ከታወቀ በሽታውን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ የምትረዱት በማስታመም ነው። ምላሱን በጨውና በአፈር ማሸት ወይም በጋለ ብረት መተኮስ ቁስሉን ያሰፋል። አፉን ለብ ባለ የጨው ውሃ እጠቡ፤ ለስላሳ እርጥብ ሣርና ንጹሕ ውሃ አቅርቡ፤ እግሩ ጭቃ በሌለበት ይቁም። ሰኔና ሐምሌ ላይ ሲሆን ይህ ምክር እንደሚከብድ እናውቃለን፤ እርሻው አይጠብቅም። ሆኖም ሳያገግም የተጠመደ በሬ ሰኮናው ሊወልቅ ይችላል፤ አንዳንዱም ከዳነ በኋላ በፀሐይ ላይ እያለከለከ ዳግመኛ ለቀንበር የማይሆን ይሆናል። ከዘመድ በሬ ተውሶ ማረስ ይሻላል፤ ነገር ግን የታመመው የተጠመደበትን ቀንበርና ገመድ ሳታጥቡ አትጠቀሙ።

በፎገራ የሩዝ እርሻ እየሰፋ የወል ግጦሹ ስለጠበበ ከብቱ ተጠጋግቶ ይውላል፤ በበጋም ከሌላ ቦታ የሚመጣ መንጋ ይጨመራል። በሽተኛው በዚያ ከዋለ የጎረቤቱ ሁሉ ይታመማል። «አንድ ጊዜ ይውጣላቸው» ብሎ ሆን ብሎ ማቀላቀልም አይበጅም፤ የአፍተግር ተሐዋሲ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ከአንዱ የዳነ በሌላው ይያዛል። ክትባቱም የሚጠቅመው በአካባቢው ላለው ዓይነት የተሠራ ሲሆን ነውና፣ ከቢሾፍቱ ለሚመጣው ክትባት ትክክለኛውን ለመምረጥ የእናንተ ናሙና ያስፈልጋል። ለሐኪም ስትልኩ ስንት ከብት እንደታመመ፣ መጀመሪያ የታመመው መቼ እንደሆነ፣ እግርም መያዙን፣ ጥጃም መሞቱን፣ በቅርብ ተገዝቶ የገባ ከብት መኖሩን ንገሩት።