ጠያቂው ብዙ፣ ወሳኙ ሌላ፦ የቦንጋ ትምህርት ቤቶች እንዴት ይተዳደራሉ?

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቦንጋ ገበያ ውስጥ የሚያስቆመኝ ወላጅ አልጠፋም። «መምህር፣ ልጄን ወደ መሐል ከተማው ያዛውሩልኝ።» «መምህር፣ ሰባተኛ ክፍሎች እስካሁን የሒሳብ አስተማሪ የላቸውም፤ ለማን ነው የሚነገረው?» እኔ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ነበርኩ እንጂ ሹም ሆኜ አላውቅም። ሥራዬ በአንድ ማዕከል ዙሪያ የተሰባሰቡ ትምህርት ቤቶችን መዞር፣ ክፍል ገብቼ ማየት፣ መምህራኑን ማገዝና ሪፖርት መጻፍ ነበር። ሪፖርቱ በየትኛው ጠረጴዛ እንደሚያልፍና የት ላይ እንደሚቆም ግን አውቃለሁ። «ለማን ነው የሚነገረው?» ላሉኝ ሰዎች የምለው አለኝ።

ከታች ልጀምር። ትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህሩ ይመራል። ከጎኑ ወተመህ የምንለው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አለ፤ ቀበሌውም የራሱ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለው። ከዚያ በላይ የከተማ አስተዳደሩ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የካፋ ዞን ትምህርት መምሪያ፣ የክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ናቸው። የደቡብ ክልል አካል በነበርንበት ዘመን ከቢሮ የሚፈለግ ጉዳይ ሐዋሳ ድረስ ያስኬድ ነበር። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። መንገዱ አጠረ፣ እሰየው። ከተማዋም ሞላች፤ የመንግሥት ሠራተኛው ልጆቹን ይዞ መጣና በድሮዎቹ ክፍሎች ውስጥ መጠጋጋት ሆነ።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው የዚያን አገር ነገር ሰምቶ ይሆናል። በብዙዎቹ ግዛቶች የአንድ ከተማ ትምህርት ቤቶች ለብቻቸው የቆመ አስተዳደር አላቸው። ነዋሪው የትምህርት ቦርዱን በድምፁ ይመርጣል፤ ቦርዱ ኃላፊ ይቀጥራል፤ ከቤትና ከመሬት ግብር ለትምህርት ተብሎ የሚሰበሰብ ገንዘብ አለ። ሀብታም ሰፈር ጥሩ ትምህርት ቤት፣ ድሃ ሰፈር ደካማ ትምህርት ቤት እንዲኖረው ስለሚያደርግ እዚያም ክርክር አያጣውም። ቢሆንም ወላጁ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። የእኛ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተሿሚ ነው። ለትምህርት ብሎ የሚሰበስበው ግብር የለም። ሥርዓተ ትምህርቱን አያወጣም፣ የመምህሩን የደመወዝ እርከን አይወስንም። የሚጠየቀው ግን ስለ ሁሉም ነው።

ገንዘቡ እንዲህ ይጓዛል። የፌዴራል መንግሥት ለክልሉ ድጎማ ይሰጣል፤ ክልሉ ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር በቀመር ያከፋፍላል። ከተማው ራሱ የሚሰበስበው ገቢ ሲታከልበት ምክር ቤቱ ለጤናው፣ ለውኃው፣ ለመንገዱ፣ ለትምህርቱ ይደለድላል። የትምህርት ድርሻ ሲታይ ትልቅ ነው፤ ዘርዝሩት ብትሉ ግን አብዛኛው ደመወዝ ነው። በእርግጥ መምህሩ የሚያገኘው ቤት ተከራይቶ ለመኖር የሚያንገዳግድ ነው፤ ብዙ የሆነው የመምህራኑ ቁጥር እንጂ ክፍያው አይደለም። ከደመወዝ የሚተርፈው «ሥራ ማስኬጃ» ይባላል። ጠመኔው፣ ወረቀቱ፣ የፈተና ማባዣው ቀለም፣ የተሰበረው ወንበር ማሠሪያ ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ነው። በጥር የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ሲደርስ ቀለም አልቆ ርእሰ መምህሩ ከሱቅ በዱቤ ሲያመጣ አይቻለሁ። ወላጅ «ትምህርት በነፃ ነው እየተባለ መዋጮ የሚጠየቀው ለምንድን ነው?» ብሎ ሲቆጣ ልክ ነው። መዋጮው የሚሸፍነው ይህንን ክፍተት ነው። በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ የጀመረው ንቅናቄም ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ የሚጠራ ነው። ጥሪው ደግ ነው፤ ነገር ግን ኅብረተሰቡ ግድግዳ ቢያቆም በጀት ያልተያዘለት መምህር ከየት ይመጣል?

ከቢሮ ልውጣና ወደ ለመድኩት ጭቃ ልግባ። ካፋ ውስጥ የትምህርት ጠላቱ ማነው ብትሉኝ፣ አንደኛው ቡና ነው እላለሁ፤ ቡናን የምወደው ካፊቾ ነኝና አትቀየሙኝ። መስከረም ላይ ተመዝጋቢው ክፍል ሞልቶ ይታያል። ጥቅምትና ኅዳር እሸት ቡናው ሲቀላ በጊምቦና በዴቻ ወረዳዎች ገጠር ቀበሌዎች ወንበሩ ይሳሳል። ልጁ ለቅሞ ያመጣው ቡና በዚያው ቀን ገንዘብ ይሆናል፤ ገንዘቡም ደብተርና ጫማ ይሆናል። ይህን ወላጅ እንዴት ትገሥጹታላችሁ? መዝገቡ ግን የሚናገረው የመስከረሙን ቁጥር ነው። ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የነፍስ ወከፍ ድጎማ በተማሪ ቁጥር ስለሚሰላ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ማሳየት የሚፈልግ የለም። የትምህርት ካላንደር የሚያወጣው ክልሉ ነው፤ አሁን ደግሞ ክልሉ የቡና አገር ነው። ለለቀማው አሥር ቀን ከፍቶ በሰኔ ማካካስ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከገጠር ቦንጋ የሚገቡት ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ስንቅ ለማምጣት አገር ቤት ይወጣሉ፤ እሑድ ማታ ቆጮና ጎደሬ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሰኞ ጠዋት አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ ካያችሁ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁት። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ የወላጅ ስጋት ይጨመርበታል፤ በዚህ የተነሳ ስምንተኛን አልፋ የምትቀረዋ ብዙ ናት።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው መስማት አይወድም። የማንጆ ማኅበረሰብ ልጆች ከሌሎቹ ተለይተው አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ እረፍት ላይ ለብቻቸው ሲቆሙ አይቻለሁ። ዘመናት የቆየ መገለል ነው፤ አብሮ መብላትን፣ መጋባትን የከለከለ። ሕጉ ሁሉም እኩል ነው ይላል፤ የመቀመጫውን ነገር የሚወስነው ግን ክፍሉን የያዘው መምህር ነው። ልጆቹን ቀላቅሎ የሚያስቀምጥ መምህር በገባበት ክፍል እነዚህ ልጆች አያቋርጡም። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከሁሉ ርካሹ ማሻሻያ ነው።

ስለ ቋንቋም ልበል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ምክንያት ቋንቋችን ካፊኖኖ ወደ ክፍል ገባ፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ካፊኖኖ ከሞቻ ጋር ተጣምሮ አንዱ ነበር፤ ያኔ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። እናም በዘመቻው ማንበብ የተማሩ አያት የልጅ ልጃቸውን የካፊኖኖ መጽሐፍ ይዘው ማስጠናት አይችሉም፤ ቋንቋው የራሳቸው ሆኖ ሳለ። ቤት ውስጥ የሚረዳ ሰው ያጣ ልጅ ሁሉ ሸክሙ ወደ መምህሩ ይዞራል። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመርማ መጽሐፉ ራሱ አልደረሰም ነበር። መምህራኑ በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ከስልካቸው እያነበቡ ሰሌዳ ላይ ሲገለብጡ ከረሙ።

ቦንጋ የታደለችው ነገርም አለ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ እዚሁ ስለሆነ ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ (ፕራክቲከም) የከተማውን ትምህርት ቤቶች ይሞላሉ። ዩኒቨርሲቲም አለን። ገባ ላለው የዴቻ ትምህርት ቤት ግን ከዚህ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ጎበዝ መምህር ሲያገኝም በዓመቱ በዝውውር ያጣዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተጨምቆ አንድ ቁጥር ይሆናል፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት። ኩረጃን ለማስቀረት የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. የአላፊዎቹ ድርሻ 8.4 በመቶ ደርሷል። ኩረጃው መቅረቱ ጥሩ ነው፤ አሁን የምናየው እውነተኛው መልካችን ነው። ስሕተቱ ይህን ቁጥር ይዞ የ12ኛ ክፍል መምህራንን ብቻ መውቀስ ነው። ልጁ አንደኛ ክፍል ሳለ መጽሐፍ ካልነበረው፣ አምስተኛ ክፍል ላይ ቡና ሲለቅም ከከረመ፣ ስምንተኛ ላይ የሒሳብ አስተማሪ ካልነበረው፣ 12ኛ ላይ የሚቆም መምህር ተአምር አይሠራም።

ታዲያ ለማን ይነገር? የመቀመጫና የመምህር መቅረት ጉዳይ ለርእሰ መምህሩና ለወተመህ ይነገር፤ እዚያው ያልቃል። የመምህር እጥረትና የሥራ ማስኬጃ ጉዳይ ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለምክር ቤት ተወካያችሁ ይቅረብ። የካላንደርና የመጽሐፍ ጉዳይ የክልሉ ቢሮ ነው። ጊዜውን ግን ልብ በሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። እኛ ወላጆች ደግሞ ትምህርት ቤት ግቢ የምንሰበሰበው መስከረም ላይ፣ ድልድሉ ካለቀ በኋላ ነው። ወተመህ ውስጥ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ስብሰባውን ግንቦት ላይ ጥሩት፤ የጎደለውን መምህርና የፈተናውን ቀለም ስም ጠርታችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ፤ ማኅተም አስመትታችሁም የበጀት እቅዱ ሳይታሰር ለጽሕፈት ቤቱና ለምክር ቤቱ አስገቡ።