ከተሰረዘ ተዋጊ አውሮፕላን የተወለደው የግል ጄት፤ የሊርጄት ኩባንያ አጀማመር

ሊርጄት የሚለው ስም ለአነስተኛ የግል ጄት አውሮፕላኖች ሁሉ የወል መጠሪያ እስኪመስል ድረስ በዓለም ዙሪያ ታውቋል። የኩባንያው አጀማመር የስዊዘርላንድ መንግሥት ከሰረዘው አንድ የጦር አውሮፕላን ግዥ ጋር የተያያዘ መሆኑ ግን እምብዛም አይነሳም።

ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳርቻ፣ አልተንራይን በተባለ ስፍራ፣ ፒ-16 የተሰኘ የራሷን ተዋጊ ጄት ታሠራ ነበር። በ1958 የ100 አውሮፕላኖች ግዥ ቢፈቀድም፣ በዚያው ዓመት አንደኛው አውሮፕላን ሐይቁ ውስጥ ወደቀ፤ ትዕዛዙም ተሰረዘ።

በዚህ ንድፍ የተማረከው አሜሪካዊው ቢል ሊር ነበር። ሊር ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ መደበኛ ትምህርት ባይኖረውም፣ ለጄት አውሮፕላኖች በሠራው አውቶፓይለት የ1949ን የኮሊየር ሽልማት ያገኘ የፈጠራ ሰው ነው። የራሱ ኩባንያ የዳይሬክተሮች ቦርድ ለጄት ሥራ ገንዘብ ለማውጣት ፈቃደኛ ባለመሆኑ፣ በ1960 በስዊዘርላንድ የስዊስ አሜሪካን አቪዬሽን ኮርፖሬሽንን አቋቋመ። በኋላም በቀድሞ ኩባንያው የነበረውን ድርሻ ሸጦ ሀብቱን በአዲሱ ሥራ ላይ አዋለ። ከተዋጊው አውሮፕላን በዋናነት የተወሰደው የክንፉ ንድፍ ነው።

በአውሮፓ ሥራው በመጓተቱ፣ ሊር በ1962 ፋብሪካውን የአውሮፕላን ሥራ ልምድ ወዳላት የካንሳስ ከተማ ዊቺታ አዛወረ። በዚያም ሌሎች አምራቾች የማይደፍሩትን መንገድ መረጠ። የሙከራ አውሮፕላን በእጅ ሠርቶ ከማስተካከል ይልቅ፣ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ለመደበኛ ምርት በተዘጋጁ መሣሪያዎች አሠራ። ንድፉ ስህተት ቢኖርበት ኖሮ ለመሣሪያዎቹ የወጣው ገንዘብ ሁሉ በከንቱ በቀረ ነበር። ሊርጄት 23 ኦክቶበር 7 ቀን 1963 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ።

ሌላው ስሌት የሕግ ነበር። በወቅቱ የአሜሪካ ደንብ ክብደታቸው ከ12,500 ፓውንድ፣ ማለትም ከ5,670 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ያልበለጠ አውሮፕላኖች ለማጓጓዣ አውሮፕላኖች ከወጣው ይልቅ በቀለለ መስፈርት እንዲመረመሩ ይፈቅድ ነበር። ሊርጄት 23ም ከዚህ ወሰን እንዳያልፍ ተደርጎ ተነደፈ።

ጁን 4 ቀን 1964 የመጀመሪያው አውሮፕላን በመንግሥት አብራሪ እጅ ሲፈተሽ ወድቆ ተቃጠለ። በውስጡ የነበሩት ሰዎች ተርፈዋል። ምርመራው ምክንያቱ የንድፍ ጉድለት አለመሆኑን አረጋገጠ፤ አውሮፕላኑ ለመነሳት የሞከረው ስፖይለር የሚባሉት፣ የክንፍን የማንሳት ኃይል የሚቀንሱት ሰሌዳዎች እንደተከፈቱ ነበር። ኩባንያውን ሊያጠፋው ይችል የነበረው አደጋ የመድን ካሳ በማስገኘቱ፣ ለገንዘብ እጥረቱ ጊዜያዊ እፎይታ ሆነ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጁላይ 31 ቀን፣ የብቃት ማረጋገጫው ተሰጠ፤ በኦክቶበርም የመጀመሪያው አውሮፕላን በኦሃዮ ግዛት ሲንሲናቲ ከተማ ለሚገኝ ኩባንያ ተሸጠ።

ይሁንና ስኬቱ ለመሥራቹ አልዘለቀለትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የደረሱ አደጋዎችና የገበያ መቀዛቀዝ ኩባንያውን ስላዳከሙት፣ ሊር በ1967 አብላጫ ድርሻውን ለጌትስ የጎማ ኩባንያ ሸጠ። የካናዳው ቦምባርዲየር በ1990 የገዛው ይኸው ኩባንያ፣ የመጨረሻውን ሊርጄት በማርች 2022 አስረክቧል።