ዳንቴል ተሠርቶ የሚያልቀው መቼ ነው?

በዚህ እትም የእጅ ሥራ ገጽ ላይ ስለ ዳንቴል ላጫውታችሁ ነው። ወንዶች፣ «ይሄ የሴቶች ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ውስጡ ሳይንስ አለ፣ ሒሳብ አለ፣ ጎሚስታም አለ።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ እዚህ ቡታጅራ ለአንዲት ጎረቤታችን የሶፋ ዳንቴል ልሠራ ተስማማሁ። ስድስት ትንንሽ ክብ፣ አንድ ትልቅ የጠረጴዛ፣ በጠቅላላው ሰባት። ክሩን እሳቸው ገዙ፤ የእጄ ዋጋ 800 ብር ሆነ። በብሩ ጫማና ደብተር ልገዛ ለእናቴ ነግሬያት ስለነበር እሷም በልቧ ያንን ወጪ ቀንሳዋለች። የእትዬ ልጆች ለመስቀል ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ ከበዓሉ በፊት ማስረከብ ነበረብኝ።

ጳጉሜን 3 ቀን የመጨረሻውን ክር ቆረጥኩና ሰባቱንም በፌስታል አድርጌ ይዤላቸው ሄድኩ። እትዬ አንዱን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ሊያነጥፉት ሞከሩ። አልነጠፍም አለ! ጫፉ ይጠቀለላል፣ መሃሉ እንደ ኮፍያ ጎብጧል። ሁለተኛውም ያው። «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ላም ያኘከችው የእንሰት ቅጠል ነው የሚመስለው። እንግዳ ፊት እንዴት አነጥፈዋለሁ?» አሉና መለሱልኝ። ፌስታሉን ይዤ ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ።

ማታ ወልቂጤ ለምትኖረው አክስቴ ደወልኩላት። ኪሮሽ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እያለቀስኩ ነገርኳት። እሷ ግን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ወጥረሽዋል?»

«መወጠር ደግሞ ምንድነው?»

«እንግዲያው መች ጨረስሽና ነው የወሰድሽው?»

ለካ ዳንቴል ክሩ ሲቆረጥ አያልቅም። ከዚያ በኋላ ይታጠባል፣ ይወጠራል፣ ይደርቃል። ይህን ሁሉ በስልክ ነገረችኝ፤ እኔም እየሞከርኩ፣ እየተሳሳትኩ ተማርኩት። ለእናንተ ደግሞ ሳትሳሳቱ እንድትማሩት ጻፍኩት።

ዳንቴል ለምን ይጎብጣል?

በኪሮሽ ስንሠራ ክሩን እየጠመዘዝን፣ እየሳብን፣ እያጠላለፍን ነው። አንዳንዴ እጃችን ይጠብቃል፣ አንዳንዴ ይላላል። በተለይ ወሬ እያወራን ስንሠራ። ስለዚህ አንዱ ጎን ይሳባል፣ ሌላው ይንቀለቀላል።

መፍትሔው ውሃ ነው። ሴቶች ፀጉር ቤት ሲሄዱ እርጥብ ፀጉራቸውን በቢጎዲን ይጠቀልሉና ያደርቁታል አይደል? ቢጎዲኑ ሲወጣ ፀጉሩ ተጠቅልሎ ይቀራል። የጥጥ ክርም እንደዚያው ነው። ውሃ ሲጠጣ ይለሰልስና እንደሳብነው ይሆናል፤ ተወጥሮ ከደረቀ ደግሞ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይቆያል። እንደገና ሲታጠብ ግን ይረሳዋል፤ ስለዚህ በታጠበ ቁጥር መወጠር አለበት።

ክራችሁን እወቁ

ይህ ለጥጥ ክር ነው። የሹራብ ክር የምንለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው፤ የፕላስቲክ ዘመድ በሉት። ውሃ እምብዛም አይጠጣም፣ ሙቀትም አይችልም። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ጊዜ የሹራብ ክር የጠረጴዛ ልብስ በከሰል ካውያ ተኮስኩ። ተጣበቀ፣ አብረቀረቀ፣ እንደ ላስቲክ ሆነ። ዳግመኛም አልተመለሰም። እንዲህ ያለውን ክር አርጥቦ፣ ወጥሮ፣ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ብቻ ነው፤ ካውያ አይነካውም።

ለመለየት ከክሩ ጣት የምታክል ቁራጭ ወስዶ ማቃጠል ይቻላል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይበተናል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ይህን ግን ትልቅ ሰው ባለበት፣ ክሩንም በጉጠት ይዛችሁ አድርጉት፤ የቀለጠው እጅ ላይ ከተጣበቀ ያቃጥላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አብዛኛው ቤት ውስጥ አለ፦

1. ከሱቅ የሚለመን ካርቶን፣ ሁለት ወይም ሦስት ድርብ። የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው።
2. ካርቶኑን የሚሸፍን ንጹሕ ነጭ ፌስታል።
3. ስፒል። ከሌለ የደረቀ የግራር እሾህ፣ ታጥቦ የደረቀ።
4. እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስና ፕሮትራክተር።
5. ነጭ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃና ፎጣ።
6. ዳንቴሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከተፈለገ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቡላ።

ስለ እሾሁ አትሳቁ። አክስቴ ናት የነገረችኝ። አሮጌ ስፒል እርጥብ ዳንቴል ላይ ሲያድር ይዝግና ቡናማ ነጥብ ይተዋል። እሾህ አይዝግም፣ ዋጋም የለውም። ግን ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ። ትንሽ ወንድም ያላችሁ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

አወጣጠሩ

አንደኛ፦ ካርቶኑ ላይ ቅርጹን ሳሉ። የኔ ትንንሾቹ ዳንቴሎች ከመሃል እስከ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ነበሩ። በኮምፓስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍቼ ክብ ሠራሁ። ኮምፓሱ ካነሰ እርሳስ በክር አስሮ መሃል ላይ በስፒል ማዞር ነው። ዳንቴሉ 12 ቅጠል አለው። አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ስለሆነ ለ12 ሲካፈል 30 ዲግሪ ይመጣል። በፕሮትራክተር በየ30 ዲግሪው መስመር አሰመርኩ። ስምንት ቅጠል ያለው ቢሆን በየ45 ዲግሪው ይሆን ነበር። ፕሮትራክተር ለፈተና ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይኸውና!

ሁለተኛ፦ ካርቶኑን በፌስታል ሸፍኑ። እኔ መጀመሪያ በእስክሪብቶ ስዬ፣ ሳልሸፍን እርጥብ ዳንቴል አስቀመጥኩበት። ጠዋት ሳነሳው ነጩ ዳንቴል ሰማያዊ ክብ ታትሞበታል። ለማስለቀቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ አሁንም ጠጋ ብሎ ላየው ይታያል። ስለዚህ እርሳስ፣ ከላዩም ፌስታል።

ሦስተኛ፦ ዳንቴሉን ለብ ባለ ውሃና በነጭ ሳሙና እጠቡ። አትጠምዝዙት! ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልሉና ጫን ጫን አድርጉት፤ ፎጣው ውሃውን ይጠጣል። ቀይ ወይም ጥቁር ክር ካለበት አስቀድማችሁ ጫፉን አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ጫኑት። ጨርቁ ከቀለመ ነጩንም ያበላሸዋል ማለት ነው።

አራተኛ፦ ዳንቴሉን ካርቶኑ ላይ አድርጋችሁ መጀመሪያ መሃሉን በስፒል ያዙ። ከዚያ ላይኛውን ቅጠል፣ ቀጥሎ ትይዩውን ታችኛውን። ከዚያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። በመጨረሻ በመካከል የቀሩትን፣ ሁልጊዜ ትይዩ ትይዩ እያላችሁ። ጎሚስታ የመኪና ጎማ ሲያስር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብሎኑን በተርታ አያጠብቅም፤ አንዱን ካጠበቀ በኋላ ማዶውን ነው የሚይዘው። በተርታ ካጠበቀ ጎማው ያዘነብላል። ዳንቴልም በተርታ ከተሳበ መሃሉ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል።

አምስተኛ፦ መጠበቅ። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። በበጋ ግማሽ ቀን ይበቃው ይሆናል፤ በክረምት ግን እኛ ቤት አንዱ እስከ ሁለት ቀን ፈጅቷል። እኔ ቸኩዬ የመጀመሪያውን ከመድረቁ በፊት ነቀልኩት፤ ዓይኔ እያየ ተመልሶ ተጠቀለለ። ቶሎ ይድረቅ ብዬ ሁለተኛውን ምድጃ አጠገብ አስጠጋሁት፤ ጭስ መትቶት ቢጫ ሆነ፣ እንደገና ታጠበ። ነጭ ክር ፀሐይ ላይ ቢደርቅ ግድ የለም፤ ባለቀለም ግን ስለሚነጣ ጥላ ውስጥ ይሁን።

ስለ ቡላ

ትንንሾቹ በውሃ ብቻ ተስተካከሉ። ትልቁ የጠረጴዛው ግን ጫፉ ከባድ ስለነበር ይረግፋል። ሱቅ የሚሸጥ ስታርች አለ፤ ብር ግን አልነበረኝም። ስኳር በጥብጬ ሞከርኩ። መጀመሪያ በጣም አማረ። በማግስቱ ጉንዳን ከበር እስከ ዳንቴሉ ድረስ ተሰልፎ አገኘሁት!

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስታርች ያለበት ነገር ላይ የአዮዲን ጠብታ ሲደረግ ሰማያዊ ጥቁር እንደሚሆን ተምረናል። ስታርች ድንች ውስጥ አለ፣ ሩዝ ውስጥ አለ። እኛ አገር ደግሞ ቡላ አለ። እንሰቱ ተፍቆ፣ ሥሩም ተቀጥቅጦ ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ ዕቃ ውስጥ ይቆያል፤ ከሥሩ የሚዘቅጠው ነጩ ነገር ቡላ ነው፤ እሱም ስታርች ነው። ቤታችን ያለውን ነገር ሱቅ ስፈልግ ነበር ማለት ነው።

አያቴ ቡላውን ሳወጣ ስታየኝ «ገንፎ ልትሠሪ ነው?» አለችኝ። ለዳንቴል መሆኑን ስነግራት «ሰው የሚበላውን ክር ልታበዪ?» ብላ ተቆጣች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ መሆኑን ሳሳያት ዝም አለች። እንዲያውም በኋላ ማማሰያውን ተቀብላኝ እሷ አማሰለችው፤ እኔ እያጓጎልኩት ነበርና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቡላውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና ይዝቀጥ፤ የላይኛውን ውሃ ድፉት። ሁለት ጊዜ ስታደርጉት ሽታው ይቀንሳል፣ ይነጣልም። ከዚያ በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ፣ እየፈላ ባለ ሁለት ኩባያ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩት። ቡላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ ይዘቅጣል፤ ሲሞቅ ግን እያበጠ ይወፍራል፣ ወተት መሳዩም ብርሃን ወደ ማሳለፍ ይመጣል። ያኔ ደርሷል። በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አጥልላችሁ ለብ ሲል የታጠበውን ዳንቴል ንከሩ፣ ጨምቁ፣ ወጥሩ። ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሳት ላይ ያለውን ሥራ ትንንሾች ብቻችሁን አትሥሩት።

ዳንቴሉ ሳጥን ውስጥ ብዙ የሚቆይ ከሆነ ቡላውን አጥባችሁ አስቀምጡት፤ በረሮ ስታርች ይወዳል።

መወጠር የማያስተካክለው

ይህን ሳልናገር ብቀር ውሸታም እሆናለሁ። ትልቁን ዳንቴል ቡላ ነክሬ፣ ሦስት ጊዜ ወጥሬም አንድ በኩል መጎበጡን አልተወም። ለአክስቴ ደወልኩ። «ቁጠሪው» አለችኝ። ስቆጥር አንድ ዙር ላይ መጨመር የነበረብኝን ዘልዬዋለሁ።

ነገሩ ሒሳብ ነው። ክብ እየሰፋ ሲሄድ ዙሪያውም እኩል እኩል መጨመር አለበት። መጨመር ከረሳን ዙሪያው ያጥርና እንደ ኮፍያ ይጎብጣል፤ ካበዛን ደግሞ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይሞገዳል። የእጅን መጥበቅና መላላት ውሃና ስፒል ያስተካክሉታል፤ የቆጠራን ስህተት ግን አያስተካክሉም። አምስት ዙር ተረተርኩ። ስተረትር አልቅሻለሁ፤ ግን ተረተርኩ።

መጨረሻው

መስከረም 14 ቀን ስድስቱን ትንንሾች ካርቶን ላይ እንደተዘረጉ ይዤ ሄድኩ። ትልቁን መስከረም 16 ማታ አደረስኩ። እትዬ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው «ያኛው የት ሄደ?» አሉ። ያው እሱ መሆኑን ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ሰማያዊዋን ምልክት አሳየኋቸውና ሳቁ። 800 ብሬን ሰጡኝ። ብሩ ለጫማ ብቻ ነው የበቃው፤ ደብተሩን እናቴ ገዛችልኝ።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ቤት ሶፋ ላይ የተጠቀለለ ዳንቴል ካለ ከመጣላችሁ ወይም «እጄ አይረባም» ከማለታችሁ በፊት አርጥባችሁ ወጥሩት። ከዚያ በኋላም ከጎበጠ ቁጠሩት። ጥያቄ ያላችሁ በእረፍት ሰዓት 7ኛ «ለ» ክፍል ታገኙኛላችሁ። ካርቶኔንም አውሳችኋለሁ፤ እሾሁን ግን ቆጥራችሁ መልሱ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ «ለ»