ጫት፣ ክኒንና የሐኪም ማዘዣ

ጫት ጅቡቲ ከተማ የሚገባው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በሐረርጌ ማሳዎች የተቆረጠው፣ አወዳይ ላይ የታሰረው ቅጠል ሳይጠወልግ መድረስ አለበት። ካቲኖን የሚባለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ ጀምሮ እየተዳከመ ስለሚሄድ ቃሚው የዕለቱን ጫት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ወንዶች ሙቀቱ እስኪበርድ በርጫ ላይ ይቀመጣሉ። ሐኪም "ከምሳ በኋላ ይውሰዱ" ብሎ ያዘዘው ክኒን የሚዋጠውም በዚሁ ሰዓት ነው። ክኒኑና ጫቱ አንድ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ምን ይሆናል?

ይህን መጠየቅና መመለስ የሚያስተምረው የሕክምና ትምህርት ዘርፍ ክሊኒካል ፋርማኮሎጂ ይባላል። ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚማረው ፋርማኮሎጂ የመድኃኒቶችን ስም፣ አሠራርና ጉዳት ያስጠናዋል። ክሊኒካል ፋርማኮሎጂ ደግሞ ወደ ሕመምተኛው አልጋ ያስጠጋዋል፤ ይህ መድኃኒት ለዚህ ሰው፣ በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ ኑሮውና በዚህ ኪሱ ይሆነዋል ወይ ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። ጅቡቲ ሐኪሞቿን በራሷ ምድር ማስተማር የጀመረችው በቅርቡ ነው፤ የሕክምና ትምህርት ቤቷ የተከፈተው በ2007 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ሐኪም መሆን የሚፈልግ ወጣት ባሕር ተሻግሮ ይማር ነበር። ባሕር ማዶ የተጻፈ መማሪያ መጽሐፍ ስለ በርጫ አንድ መስመር እንኳ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ በገዛ ከተማ ማስተማር ትልቁ ጥቅሙ የገዛ ከተማን ሕመምተኛ ለትምህርት ማዋል መቻሉ ይመስለኛል።

የማዘዣ ትምህርት ችግር በሁሉም አገር ያለ ነው። ተማሪው መቶ መድኃኒት ሸምድዶ ፈተናውን ያልፍና ዋርድ ሲገባ ማዘዣ የሚጽፈው ከእሱ በፊት የነበረው ሐኪም እንደጻፈው ነው። ይህን ልማድ ለመስበር የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ለተማሪዎች አንድ የማዘዣ መመሪያ አሳተመ፤ ሥራው የተጀመረው ኔዘርላንድስ ውስጥ በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ነበር። መመሪያው ተማሪውን በስድስት እርምጃ ያስኬደዋል። የሕመምተኛው ችግር ምንድን ነው? ሕክምናው ምን እንዲያመጣ ነው የተፈለገው? አስቀድሜ አጥንቼ የመረጥኩት መድኃኒት ለዚህ ሰው ይስማማል? ከዚያ ማዘዣው ይጻፋል፣ ለሕመምተኛው ይብራራል፣ በመጨረሻም ውጤቱ ይታያል። በ1995 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ዘዴውን ካትማንዱንና ሌጎስን ጨምሮ በሰባት የሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ በ219 ተማሪዎች ላይ ፈትኖታል። በዚህ መንገድ የሠለጠኑት ሌሎቹን በለጡ፤ ከሥልጠናው ስድስት ወር በኋላም ብልጫው አልጠፋም። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ያልተለማመዱባቸውን ሕመሞች ሲሰጧቸውም የተሻለ ማዘዛቸው ነው። የተማሩት አስተሳሰቡን ነበርና።

ይህንን አስተሳሰብ ወደ ጅቡቲ እናምጣው። ለማስተማሪያ የሚሆን አንድ ሕመምተኛ እናስብ፦ ከአዲስ አበባ ጭነት ይዞ የመጣ፣ መኪናውን ፒኬ 12 በሚባለው ቦታ አቁሞ ተራ የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ የከባድ መኪና ሾፌር። ሦስት ቀን ብርድ ብርድ ሲለውና ሲያተኩሰው ቆይቷል። ተማሪዋ ትምህርቷን የተከታተለችው በፈረንሳይኛ፣ የቤቷ ቋንቋ ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ፣ ሾፌሩ የሚናገረው ደግሞ አማርኛ ነው። እንግዲህ አምስተኛው እርምጃ፣ ለሕመምተኛው ማብራራት የሚለው፣ እዚህ ከተማ ላይ አስተርጓሚ ፈልጎ ማግኘትንም ይጨምራል። ይህ ራሱ መማር ያለበት ሙያ ነው።

ወባ ይሆን? ጅቡቲ ከወባ ልትገላገል የተቃረበች አገር ነበረች፤ በ2012 የተመዘገቡት 27 ሕሙማን ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ከተማዋ ውስጥ ተገኘች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ በየቤቱ በሚቀመጥ የውኃ በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። በ2020 ሕሙማኑ ከ73,000 አለፉ። ሌላም መዘዝ አለ። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚያመርተው ጂን ፋልሲፓረም ከሚባለው የወባ ዓይነት በጅቡቲ ከሚገኘው አብዛኛው ጥገኛ ላይ ጠፍቶ ተገኝቷል። ስለዚህ በዚያ ፕሮቲን ብቻ የሚሠራ ምርመራ "የለበትም" ቢል ተማሪዋ በማይክሮስኮፕ ሳታረጋግጥ ልታምነው አይገባም። የመጀመሪያው እርምጃ፣ ችግሩን መለየት፣ ከመድኃኒቱ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ፋልሲፓረም ተገኘ እንበል። መድኃኒቱ ብዙዎቻችን ኮአርተም ብለን የምናውቀው የአርቴሜተርና የሉመፋንትሪን ጥምረት ነው፤ ለአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ አራት ፍሬ፣ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ፣ በድምሩ 24 ፍሬ። ተማሪዋ ይህን በቃሏ ታውቀዋለች። አስተማሪዋ ግን ማዘዣውን ከመጻፏ በፊት ሕመምተኛውን እንድታነጋግር ያደርጋታል።

"ጋሼ፣ ዛሬ ምን በሉ?"

"ሻይ ብቻ። እህል አላሰኘኝም።"

"ከሰዓት በኋላ ይቅማሉ?"

"ያው ተራ እስኪደርሰን ከልጆቹ ጋር እንቅማለን እንጂ ሌላ ምን ይሠራል።"

ሕክምናው የሚወሰነው እነዚህ ሁለት መልሶች ላይ ነው። ሉመፋንትሪን በውኃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ስብ ይፈልጋል። ጤነኛ ሰዎች ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወስዱት ወደ ደማቸው የገባው መጠን በባዶ ሆድ ከወሰዱት ጊዜ 16 እጥፍ ያህል በልጧል። ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሾፌራችን ክኒኑን በሻይ ውጦ በርጫ ላይ ቢቀመጥ መድኃኒቱን በሥርዓቱ ወስዷል፣ ሰዓቱንም ጠብቋል፤ ደሙ ውስጥ የሚገኘው ግን ጥገኛውን ለመጨረስ ላይበቃ ይችላል። ወባው ሲመለስበት መድኃኒቱን ተለማመደ ይባላል። ስለዚህ "ከምግብ ጋር" የሚለውን ቃል በማዘዣ ላይ ጽፎ መሰናበት አይበቃም። ወተት፣ እንቁላል፣ ዘይት ያለው ወጥ ብሎ በስሙ መናገር፣ ከጫቱ በፊት እንዲበላ መምከር፣ ማታ ደግሞ ምርቃናው ሲወርድ እንቅልፍ ስለሚያጣ የሌሊቱን ፍሬ በስንት ሰዓት እንደሚወስድ አብሮ መወሰን ያስፈልጋል።

የተገኘው ቫይቫክስ ቢሆንስ? ይሄኛው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል። የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ነው። ተማሪዋ በመጀመሪያ ማሰብ ያለባት ጂ-6-ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ፕሪማኩዊን ሲወስድ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ እንደሚችሉ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ነው። ፕሪማኩዊን ሥራውን የሚጀምረው ጉበት ውስጥ ያለው ሲዋይፒ-2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ሲቀይረው ነው፤ ኢንዛይሙ ደካማ በሆነባቸው ሰዎች ሕክምናው ሊከሽፍ እንደሚችል በ2013 ታይቷል። በ2015 የታተመ በኢትዮጵያውያን በጎ ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ጫት መቃም ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያዳክም አሳየ። ሁለቱን ስናጋጥማቸው ጫት የሚቅም ሰው የሚወስደው ፕሪማኩዊን ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከላይ ያሉት ሁለት ግኝቶች ጥርጣሬውን ያስነሳሉ እንጂ አያረጋግጡትም፤ ለጅቡቲ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አይታየኝም።

ይህ ኢንዛይም የእኛን አካባቢ ሰው በተለይ ይመለከታል። እሌኒ አክሊሉ የተባሉት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪና የስዊድን ባልደረቦቻቸው በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ኢንዛይም ጂን ከተለመደው በላይ ደጋግመው ተሸክመው ተገኝተዋል። ጂኑን እንደ ኬላ ብናስበው አብዛኛው ሰው ሁለት መስኮት አለው፤ እነዚህ ሰዎች ሦስትና ከዚያ በላይ መስኮት ስላላቸው የሚያልፈው ሁሉ በፍጥነት ያልፋል። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻና የሳል መድኃኒት ሰውነት ውስጥ በዚህ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለወጣል። መስኮቱ ለበዛለት ሰው፣ በተለይ ለሕፃን፣ የተለመደው መጠን ትንፋሽ እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2015 ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች ያገደው ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ነው። ይህን ታሪክ በእኛ ክፍለ አህጉር የሚማር የሕክምና ተማሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ በራሳችን ሰው ደም ላይ ተጠንቶ የመድኃኒት ውሳኔ የቀየረ ሥራ ነውና።

አንቲባዮቲክም ከጫት አያመልጥም። በ1997 የመን ውስጥ በጤነኛ ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት ጫት እየተቃመ የተወሰደ አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባው መጠን ቀንሶ ተገኘ፤ ችግሩ ያልታየው ቅሞ ካበቃ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ብቻ ነበር። አሞክሲሲሊን ግን እምብዛም አልተነካም፤ የቀነሰው በበርጫው መካከል ሲወሰድ ነው። እንግዲህ አሞክሲሲሊን የሚተካው ከሆነ ለቃሚ ሰው አምፒሲሊን በአፍ ለምን ይታዘዛል?

አስተማሪ ይህን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ሊዘረዝረው ይችላል፤ ተማሪም ይጽፈዋል፣ ይረሳዋልም። የሚሻለው በፈተና ቀን መጽሐፉን ትቶ ሾፌሩን ማቅረብ ነው። ተማሪዋ ትጠይቀው፣ ማዘዣ ትጻፍለት፣ በሚገባው ቋንቋ ታስረዳው፤ ከዚያ አስተማሪው ሾፌሩን "ምን ብላ ነገረችህ?" ብሎ ይጠይቀው። ውጤቱ የሚሰጠው ሾፌሩ በሚመልሰው መልስ መሆን አለበት። የመድኃኒቱን ስም በትክክል ጽፋ ሾፌሩ ግን በባዶ ሆድ ሊውጠው የሚሄድ ከሆነ ፈተናውን ወድቃለች።

እናንተም ጫት የምትቅሙ ከሆነ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁ እንኳ ማዘዣውን ከመቀበላችሁ በፊት ንገሩት፤ መቼ እንደምትቅሙ፣ መቼ እንደምትበሉ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ። የጀመራችሁትን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሰዓቱን ግን ከሐኪማችሁ ወይም ከፋርማሲ ባለሙያው ጋር ተነጋግራችሁ አስተካክሉት።