የሳንባ ካንሰርን መድኃኒት የሚያመለክቱ ፕሮቲኖች

ወረታ፦ በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያለማ አርሶ አደር በሁለት ማሳ ላይ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ቢጨምርም ምርቱ እኩል እንደማይሆን ጠንቅቆ ያውቃል። ለዓይን የሚመሳሰል ጥቁር አፈር በውስጡ የያዘው ንጥረ ነገር ይለያያልና። የሳንባ ካንሰር ሕክምናም ከዚህ የራቀ አይደለም። በራጅ የሚመሳሰሉ ሁለት ዕጢዎች የያዙት ፕሮቲን ሲመረመር ተለያይተው ይገኛሉ፤ አንዱን ያሟሸሸ መድኃኒት ሌላውን ላይነካው ይችላል።

ምርመራው የሚጀምረው ከዕጢው በሚወሰድ ቁራጭ ናሙና ነው። ናሙናው በፎርማሊን ይነከርና በሰም ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም እጅግ ስስ ሆኖ ይቆረጣል። አንድን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሲጨመርበት ፕሮቲኑ ያለበት ቦታ ቀለም ያወጣል፤ ባለሙያውም በማይክሮስኮፕ ይቆጥረዋል።

ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ የሚናገሩት ስለ በሽታው ጠባይ ብቻ ነው። ኬአይ-67 የተባለው በመባዛት ላይ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ይገኛል፤ መጠኑ ሲበዛ ዕጢው ፈጥኖ እንደሚያድግና የታማሚው የመኖር ዕድል እንደሚያንስ ያመለክታል። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ግን አይናገርም። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ክፉ ምልክት መታየቱ መድኃኒት የለም ማለት አይደለም።

መድኃኒት ለመምረጥ የሚረዳው ፒዲ-ኤል1 ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 በበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ላይ ፒዲ-1 የተባለ፣ እንደ ልጓም የሚያገለግል ፕሮቲን አገኙ፤ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። ካንሰሩ ፒዲ-ኤል1ን አውጥቶ ይህን ልጓም ሲይዝ ተከላካዩ ሕዋስ ቆሞ ይቀራል። ፔምብሮሊዙማብን የመሰሉ መድኃኒቶች ልጓሙን ያስለቅቃሉ። ከዕጢው ሕዋሳት 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ፒዲ-ኤል1 ካላቸው፣ በተስፋፋ የሳንባ ካንሰር ለተያዙ አንዳንድ ታማሚዎች መድኃኒቱ ያለ ኬሞቴራፒ ብቻውን ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም ልኬቱ ፍጹም አይደለም፤ ከፍተኛ መጠን ኖሯቸው የማይሻላቸው፣ ዝቅተኛ ሆኖባቸውም የሚሻላቸው አሉ። የኢጂኤፍአር ዘረ መል ለውጥ ያለበት ዕጢ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለዚህ መድኃኒት እምብዛም አይበገርም፤ የሚስማማው ሌላ፣ በኪኒን መልክ የሚወሰድ ነው። ይህ ለውጥ ሲጋራ አጭሰው በማያውቁ ሰዎችና በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል።

ይህ ለፎገራ ሩቅ ወሬ አይደለም። ማገዶ በጠበበበት ሜዳ በኩበት ጭስ ውስጥ የምታበስል እናት ሲጋራ ባታጨስም ሳንባዋ ከጭስ አላረፈም። ሳል ሲጸናባት በቅድሚያ የሚጠረጠረው ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የአክታ ምርመራ ይሻልና ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው አክታው ነጻ ሆኖ ወይም የነቀርሳ መድኃኒት ተወስዶ ሳሉ ሳይለቅ ሲቀር፣ ደም ሲቀላቀልበት፣ ሰውነትም ሲከሳ ዝም ከተባለ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ሪፈር መጠየቅ ይገባል።

አዳዲሶቹ መድኃኒቶች እጅግ ውድ ናቸውና ምርመራው ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም በሬ ሸጦ የማይሠራ መድኃኒት ከመግዛት የሚያድነው ይኸው ምርመራ ነው። በጡት ካንሰር ደግሞ ውጤቱ ከወዲሁ ታይቷል፤ የኤስትሮጅን ተቀባይ ፕሮቲን የተገኘባቸው ሴቶች ታሞክሲፈን በተባለ ርካሽ ኪኒን ይታከማሉ።

ናሙናው በፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ላላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ እንዲቆይ ይመከራል፤ ከዚህ ከወጣ የፕሮቲን ምርመራው ሊያሳስት ይችላል። በሰም የተቀመጠው ቁራጭ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ታማሚ ዳግም ሳይወጋ እሱኑ ማስመርመር ይቻላል። ቁራጩ የት እንደተቀመጠ ጠይቆ መረዳት፣ የውጤቱንም ወረቀት ከሪፈሩ ጋር መያዝ ያስፈልጋል።