የሕዝብ ብዛትና የመገናኛ መንገድ በሕንድ ገጠር መንደር

የአንድን ገጠር መንደር የትምህርት ይዞታ ለማጥናት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው የተማሪዎችንና የመምህራንን ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ በመንደሩ ስንት ሰው እንደሚኖርና ወደ መንደሩ የሚያስገባው መንገድ በክረምት የሚያገለግል መሆኑ ካልታወቀ፣ ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አያስረዳም። የሕዝብ ብዛትና የመንገድ ዝምድና ጎልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ሕንድ ናት።

በ2011 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 833 ሚሊዮን ያህል ሕንዳውያን፣ ይኸውም ከመቶ 69 የሚጠጉት፣ የገጠር ነዋሪዎች ነበሩ። የተመዘገቡት መንደሮችም ወደ 640 ሺህ ይደርሱ ነበር። የቆጠራው መዝገብ የእያንዳንዱን መንደር ነዋሪዎች በጾታ ለይቶ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችሉትንና ሥራ ያላቸውን ጭምር ያሰፍራል። ከዚህም ሌላ ትምህርት ቤት፣ የሕክምና አገልግሎት፣ አውቶቡስና ሌላም መገልገያ መኖሩን ያመለክታል፤ በመንደሩ የሌለውን ደግሞ ከ5 ኪሎ ሜትር በታች፣ ከ5 እስከ 10፣ ወይም ከ10 በላይ በሚል የርቀት ደረጃ ይመድባል።

ይህ አኃዝ በመዝገብ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። በታኅሣሥ 2000 የሕንድ መንግሥት በክረምትም በበጋም የሚያገለግል መንገድ ለሌላቸው መንደሮች መንገድ የማስገባት ዕቅድ ሲጀምር፣ መመዘኛው የነዋሪዎቹ ብዛት ሆነ። በሜዳማ አገር 500 ሰውና ከዚያ በላይ፣ በተራራማ፣ በበረሃማና በጎሣ አካባቢዎች 250 ሰውና ከዚያ በላይ ያላቸው ሠፈሮች እንዲገናኙ ተወሰነ፤ ከእነርሱም ቅድሚያ የተሰጠው 1,000 ሰውና ከዚያ በላይ ላላቸው ነበር። መለኪያውም በመዝገብ አንድ መንደር የተባለው ሳይሆን በውስጡ ያለው ጎጥ ነው፤ አንድ መንደር ተራርቀው የሚገኙ ብዙ ጎጦች ሊኖሩት ይችላልና። በዚህም መሠረት ብቻውን በሜዳ ላይ የሚገኝና 480 ሰው ያለው ጎጥ ሲጠብቅ፣ 520 ሰው ያለው ጎረቤቱ ተራው ይደርሰዋል።

ተመራማሪዎች በዚህ ወሰን ተጠቅመው ከወሰኑ ጥቂት ከፍና ዝቅ የሚሉትን መንደሮች አነጻጽረዋል። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ መንገድ በገባባቸው መንደሮች ጎልቶ የታየው ለውጥ ሠራተኞች ከእርሻ ወደ ሌላ ሥራ መዛወራቸው ነው፤ በእርሻ ምርት፣ በገቢና በንብረት ረገድ ግን ያን ያህል ከፍ ያለ ለውጥ አልታየም። ከዚሁ ጋር በተያያዘ ሌላ ጥናት ደግሞ ከአንደኛ ደረጃ በላይ ባሉት የመካከለኛ ክፍሎች የሚመዘገቡ ልጆች ቁጥር ከፍ ማለቱ ተረጋግጧል። ከመንደር ውጭ ሥራ የሚገኝ መሆኑ ሲታወቅ ወላጆች ትምህርትን ይበልጥ የሚጠቅም ነገር አድርገው ይቆጥሩታል።

ሆኖም መንገዱ መኖሩ ብቻ ልጁን ትምህርት ቤት አያደርሰውም። የቢሃር ክፍለ አገር መንግሥት በ2006 ወደ 9ኛ ክፍል ለሚያልፉ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። በኋላ በተደረገ ጥናት የልጃገረዶች የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ በ32 ከመቶ ማደጉና በወንዶችና በሴቶች መካከል የነበረው ልዩነት በ40 ከመቶ መቀነሱ ታውቋል። ለውጡ በብዛት የታየውም ትምህርት ቤቱ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅባቸው መንደሮች ነው። ስለዚህ ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በመንገደኛውም ማንነት ይለካል።

የቆጠራው ዕድሜም ሊታሰብበት ይገባል። በ2021 ይካሄድ የነበረው ቆጠራ በጊዜው ስላልተደረገ፣ በ2024 የጸደቀው የመንገዱ ዕቅድ አራተኛ ክፍል 25,000 ሠፈሮችን የሚመርጠው በ2011 አኃዝ ነው። ዛሬ በአንደኛ ደረጃ የሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ አልተወለዱም ነበር። እንግዲህ የመንደሩ ቁጥር መንገዱን፣ መንገዱም ትምህርቱን የሚወስን ከሆነ፣ ሕዝብን በጊዜው መቁጠር ራሱ ከትምህርት ሥራ አንዱ ክፍል ሆኖ መታየት አለበት።