ሦስቱ የፊት ቁጥሮች

በማይል የሚቆረጥ የአጋር አየር መንገድ ትኬት ሦስት ባለጉዳዮች አሉት፦ ማይሉን ያጠራቀመው መንገደኛ፣ ማይሉን ተቀብሎ ትኬቱን የሚያወጣው ፕሮግራም፣ መንገደኛውን አሳፍሮ የሚበረው አጋር። አጋሩ ሲንገዳገድ ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ የአውሮፕላኑ ጅራት ላይ ያለው ዓርማ አይናገርም። የሚናገሩት ባለ 13 አኃዙ የትኬት ቁጥር መጀመሪያ ላይ የተቀመጡት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። 071 ከሆነ ትኬቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ 016 የዩናይትድ፣ 014 የኤር ካናዳ፣ 220 የሉፍታንዛ። የሚበረው ማንም ይሁን ማን፣ ተጠያቂው ትኬቱን ያወጣው ነው። ትኬት ቢሮ ጥቂት ወራት የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። መንገደኛው ግን እነዚያን ሦስት ቁጥሮች አያያቸውም፤ ሐሳቡ ሁሉ የሚያሳፍረው አየር መንገድ ላይ ነው።

አንድ ጉዳይ እስከ ዛሬ ከአእምሮ አልወጣም። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ደንበኛ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ የደርሶ መልስ ትኬት በማይል አስቆረጠች። ማይሉ የተጠራቀመው ጤነኛ በሆነ የአሜሪካ ፕሮግራም ነው። የሚበረው አጋር በዚያ ሰሞን ፍርድ ቤት ቀርቦ ከአበዳሪዎቹ ከለላ ጠይቋል። ጎረቤት «ከስሯል አሉ» አላት። በዚያው ምሽት ትኬቱን ራሷ ሰረዘችው፤ ማይሉም ተመለሰላት። አጋሩ ግን መብረሩን ቀጠለ፣ ዛሬም ይበራል። ትኬቱን መልሳ ልታስቆርጥ ስትል የለቀቀችው መቀመጫ ተይዟል፤ የተገኘው ሌላ መቀመጫ የሚጠይቀው ማይል ከእጥፍ በላይ ነበር። እናት የልጅ ልጃቸው ክርስትና አመለጣቸው። በርበሬውና ሽሮው ቀድሞ ታሽጎ ስለነበር በሌላ መንገደኛ ሻንጣ ሄደ።

እንዲህ ያለው ጥፋት ግማሹ ከቃሉ ይመጣል። «ከሰረ» በአማርኛ ብዙ የተጫነበት ቃል ነው። ዘንድሮ ያላተረፈው ነጋዴ ከሰረ ይባላል፤ ዕዳዬ ይሸጋሸግልኝ ብሎ ዳኛ ፊት የቆመው ከሰረ ይባላል፤ ዘግቶ ቁልፉን ያስረከበውም ያው ከሰረ ነው። ለአየር መንገድ ሦስቱ በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው። የኢትዮጵያ ሕግ እንኳ ልዩነቱን ያውቀዋል፦ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ መልሶ ማደራጀትን ከመክሰር ለይቶ ይደነግጋል። አሜሪካኖች ምዕራፍ 11 የሚሉትና ደቡብ አፍሪካውያን ንግድን ማዳን የሚሉት ከመልሶ ማደራጀት ወገን ናቸው። ብዙ ጊዜ አውሮፕላኑ እየበረረ፣ ትኬቱ እየተሸጠ፣ ዕዳው ይሸጋሸጋል።

የአሜሪካ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዩናይትድ ከዲሴምበር 2002 እስከ ፌብሩዋሪ 2006 በምዕራፍ 11 ሥር ሆኖ በረረ። ዴልታና ኖርዝዌስት ሴፕቴምበር 14 ቀን 2005፣ በአንድ ቀን፣ ፍርድ ቤት ገቡ። አሜሪካን ኤርላይንስ በኖቬምበር 2011 ተከተላቸው። ከአራቱ የአንዳቸውም ደንበኞች ማይል በዚያ ምክንያት አልተሰረዘም። ነገሩ ደግነት አይደለም። ባንኮች ለክሬዲት ካርድ ደንበኞቻቸው የሚሰጡትን ማይል ከአየር መንገዱ በጥሬ ገንዘብ ይገዛሉ፤ በረራው ሲያከስር ፕሮግራሙ ያተርፋል። በ2020 ዩናይትድ የማይሌጅ ፕላስ ፕሮግራሙን፣ በ2021 አሜሪካን የአድቫንቴጅ ፕሮግራሙን ለቢሊዮኖች ዶላር ብድር መያዣ ያደረጉት ለዚህ ነው። በመልሶ ማደራጀት ላይ ያለ አየር መንገድ ማይሉን ቢሰርዝ የምትታለበውን ላም ማረዱ ነው።

ከአሜሪካ ውጭም ተመሳሳይ ታይቷል። የኮሎምቢያው አቪያንካ ሜይ 10 ቀን 2020 ኒው ዮርክ ላይ ምዕራፍ 11 ጠየቀ፤ የማይል ፕሮግራሙ ላይፍማይልስ ለብቻው የቆመ ኩባንያ ስለሆነ ጉዳዩ ውስጥ አልገባም፤ አየር መንገዱም በ2021 መጨረሻ ከፍርድ ቤት ወጣ። የስካንዲኔቪያው ኤስኤኤስ በጁላይ 2022 ገባ፣ ኋላም ወጣ። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች ያላዩት ነገር አለ። ኤስኤኤስ ከመስራቾቹ አንዱ የነበረበትን ስታር አሊያንስ የተባለ የአየር መንገዶች ኅብረት ለቆ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ስካይቲም ወደተባለ ሌላ ኅብረት ገባ። አልወደቀም፤ የስታር አሊያንስ ማይል ይዞ እሱን ለሚጠብቅ መንገደኛ ግን በሩ ተዘጋ። መልሶ ማደራጀት ብዙ ጊዜ አዲስ ባለቤት ያመጣል፣ አዲስ ባለቤት ደግሞ አዲስ ወዳጅ። እንዲህ ያለው የወዳጅ ለውጥ ወራት አስቀድሞ ስለሚታወጅ ለመዘጋጀት ጊዜ ይሰጣል፤ በድንጋጤ ትኬት መሰረዝን አይጠይቅም።

የሚያስገርመው መደንገጥ ያለበት ሰው አለመደንገጡ ነው። ማይሉ በጤነኛ ፕሮግራም ያለው እንቅልፍ ሲያጣ፣ ማይሉን በታመመው አየር መንገድ በራሱ ፕሮግራም ያከማቸው «የመንግሥት ነው፣ አይጥሉትም» ብሎ ይቀመጣል። ማሌቭ የሃንጋሪ መንግሥት አየር መንገድ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን ለእርሱ የተሰጠው የመንግሥት ድጋፍ ሕገወጥ ነው፣ ይመለስ ብሎ ከወሰነ ከሳምንታት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2012 ቆመ። አሊታሊያ ለዓመታት በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ቆይቶ ኦክቶበር 14 ቀን 2021 የመጨረሻ በረራውን አደረገ። በማግስቱ ኢታ ኤርዌይስ መብረር ጀመረ፤ ከሠራተኞቹና ከአውሮፕላኖቹ ከፊሎቹ ተሻገሩ፣ ሚሌሚሊያ የተባለው የአሊታሊያ ፕሮግራም ማይል ግን ወደ ኢታ ፕሮግራም አልተሻገረም። ከ2006 ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል የሆነው የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ በዲሴምበር 2019 ንግድን ወደ ማዳን ሥርዓት ገባ፤ በ2020 በረራውን አቁሞ እስከ ሴፕቴምበር 2021 አልተመለሰም። መንግሥት አየር መንገድን ያድን ይሆናል፤ ማይልን ለማዳን ግን ምንም የፖለቲካ ምክንያት የለውም።

ማይል የባንክ ተቀማጭ አይደለም። በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ውል ውስጥ፣ ማንም በማያነበው ገጽ፣ ማይሉ የአባሉ ንብረት እንዳልሆነ ተጽፏል። አየር መንገዱ በእርግጥ ሲፈርስ የማይል ባለቤት ከገንዘብ ጠያቂዎች ሰልፍ መጨረሻ ይቆማል፤ ሰልፉ ወደ እሱ ሲደርስ መስኮቱ ተዘግቷል። የአውስትራሊያው አንሴት፣ እሱም የስታር አሊያንስ አባል፣ በሴፕቴምበር 2001 ሲወድቅ የራሱ ፕሮግራም ነጥቦች አብረውት ጠፉ።

ፕሮግራሙ ለብቻው ኩባንያ መሆኑ ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይደለም። የሕንዱ ጄት ኤርዌይስ ኤፕሪል 17 ቀን 2019 መብረር ሲያቆም፣ አብዛኛው ድርሻው የኤቲሃድ አየር መንገድ የነበረው የማይል ፕሮግራሙ ጄትፕሪቪሌጅ ተርፎ ኢንተርማይልስ በሚል ስም ቀጠለ። የጀርመኑ ኤር በርሊን ፕሮግራም ቶፕቦነስም ለብቻው የቆመና አብዛኛው ድርሻው የኤቲሃድ ነበር፤ መጨረሻው ግን ሌላ ሆነ። ኤር በርሊን ኦገስት 15 ቀን 2017 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አሳወቀ፤ ቶፕቦነስ በዚያው ወር ማይል መቀበሉን አቁሞ የራሱን ማመልከቻ አስገባ። አየር መንገዱ ግን ከመንግሥት ባገኘው የ150 ሚሊዮን ዩሮ ብድር እስከ ኦክቶበር 27 በረረ። ማይሉ ከአውሮፕላኑ ሁለት ወር ቀድሞ ሞተ ማለት ነው። ቨርጂን አውስትራሊያ በኤፕሪል 2020 በአስተዳዳሪ እጅ ሲገባም ቬሎሲቲ የተባለው ፕሮግራሙ በማይል ትኬት ማውጣትን ለሳምንታት ዘግቶ ነበር፤ ኋላ ተከፈተ። ማይሉን በታመመ ፕሮግራም ያኖረ ሰው ስለዚህ «ሲቆም እጠቀምበታለሁ» ማለት አይችልም። ጊዜው ሳያልፍ ትኬት የሚቆረጠውም በታመመው አየር መንገድ በራሱ ላይ ሳይሆን ጤነኛ አጋሩ በሚበርበት መስመር ላይ ነው፤ ያም እስካለ ድረስ። አጋሮቹ ሒሳባቸው እንደማይከፈል ሲጠረጥሩ መቀመጫ መስጠት ይተዋሉና፣ የአጋሮች ስም ከማይል ዝርዝሩ አንድ በአንድ መጥፋቱ ከየትኛውም ጋዜጣ ዜና የቀደመ ምልክት ነው።

ወደ ጤነኛው ፕሮግራምና ወደ ታመመው አጋር እንመለስ። ትኬቱ በ016 ወይም በ071 ወጥቶ አጋሩ በእርግጥ ቢቆም፣ በቢሮው ስክሪን ላይ የበረራው መስመር ኤችኬ (ተረጋግጧል) ከሚለው ወደ ዩኤን ይቀየራል፤ በረራው የለም ማለት ነው። ከዚያ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ማይሉንና የተከፈለውን ታክስ መመለስ፣ ወይም በሌላ አየር መንገድ ማስተላለፍ። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሁለተኛው የሚያስለቅስ ነው፤ ምክንያቱም በስታር አሊያንስ የማይል መቀመጫ በኢኮኖሚ ከኤክስ፣ በቢዝነስ ከአይ መደብ ብቻ ይወሰዳል። አውሮፕላኑ ግማሹ ባዶ ሆኖ እነዚህ መደቦች ዜሮ ሊሆኑ ይችላሉ። ለገና፣ ለጥምቀትና በክረምቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከዋሽንግተን ዱለስ አዲስ አበባ ባለው መስመር ላይ ኤክስ ማግኘት በደህናው ቀንም ዕድል ይጠይቃል። «ማይሌ ስለተመለሰ አልተጎዳሁም» የሚል ሰው ይህን ያልቆጠረ ነው። ከስረዛው ቀድሞ መደወል የሚያዋጣውም ለዚህ ነው፦ በረራውን አጋሩ ሲሰርዘው ፕሮግራሙ ከተለመደው መደብ ውጭ መቀመጫ ሊፈልግ ይችላል፤ መንገደኛው ራሱ ቀድሞ ከሰረዘ ግን የፈቃድ ስረዛ ይሆንና ይህ በር ይዘጋል። የክርስትናው ድግስ ያመለጠው በዚህ ቅደም ተከተል መፋለስ ነው።

የሚደወለውም ለትኬት አውጪው ነው። መንገደኛው በጭንቀት ለሚያሳፍረው አየር መንገድ ይደውላል፤ የያዘው ባለ ስድስት ሆሄ ኮድ የሌላ ድርጅት ስለሆነ አይገኝም፤ «ትኬትሽ የለም» ይባላል፤ ከዚያ ለቅሶ። ሁለቱ ድርጅቶች ለአንድ ጉዞ ሁለት የተለያዩ ኮዶች ይይዛሉ። ትኬቱ አለ፣ የተደወለበት ቤት ነው የተሳሳተው።

ትክክለኛው አደጋ ያለው ማንም የማይጠይቅበት ቦታ ነው፦ የተነጣጠሉ ትኬቶች። ከዋሽንግተን ፍራንክፈርት በማይል፣ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በጥሬ ገንዘብ በሌላ አየር መንገድ የተገዛ ጉዞ ለወረቀቱ ሁለት ጉዞ ነው። የመጀመሪያው ቢቀር ሁለተኛው አየር መንገድ ምንም አይመለከተውም፤ መንገደኛው አልመጣም ብሎ መቀመጫውን ይሰርዛል። በአንድ ትኬት ላይ የተያያዘ ጉዞ ግን፣ አንዱ እግር ቢሰበርም፣ የአንድ አውጪ ኃላፊነት ሆኖ ይቀጥላል። አጋሩ ላይ ጥርጣሬ ካለ ከሁለት ትኬት አንድ ትኬት ይሻላል፤ ጥቂት ማይል ቢጨምርም።

ካሣን በተመለከተ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 በነፃ የሚጓዙትን ከጥበቃው ሲያወጣ በማይል ፕሮግራም የተገኘ ትኬትን ግን ያካትታል። የካሣው ጥያቄ ግን የሚቀርበው በትኬት አውጪው ላይ ሳይሆን በረራውን ማድረግ በነበረበት አየር መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ያ አየር መንገድ ከፈረሰ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። የጉዞ መድንም ብዙውን ጊዜ የሚተካው በገንዘብ የተከፈለውን ነው፤ በማይል ትኬት ላይ ይህ ታክሱና የነዳጅ ጭማሪው ብቻ ነው። የባንክ ነጥብ ወደ አየር መንገድ ማይል ከተዛወረ አይመለስም፤ ስለዚህ መቀመጫው ስክሪን ላይ ሳይታይ ማዛወር አያስፈልግም።

ትኬቱ ሲሰረዝ ታክሱ የሚመለሰው በከፈለው ካርድ ላይ ነው፤ ልጅ ለእናት ከፍላ ከሆነ ለልጅ ይመለሳል። ማይሉ ደግሞ ወደ መጣበት ሒሳብ ከነቀድሞው የማብቂያ ቀን ሊመለስ ይችላል፤ ያ ቀን በመሐል ካለፈ በአንዳንድ ፕሮግራሞች ተመልሶ ወዲያው ይቃጠላል። ይህም ስረዛው ሳይፈጸም፣ ለትኬት አውጪው በሚደረገው በዚያው የስልክ ጥሪ፣ ተጠይቆ የሚታወቅ ነገር ነው።